አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት

የበረንዳ መከለያ በኮምፒውተር መሥራት ከሥራዎቼ ሁሉ ቀላሉ ነው። የወለሉን ጠርዝ መርጬ አንዴ ስጫን ሶፍትዌሩ ቋሚ ብረቶቹን ይደረድራል፣ አግዳሚውን ከላይ ያጋድማል፣ ማዕዘኑንም ራሱ ያጥፋል። አጠገቤ ያለው ሻይ እንኳ አይቀዘቅዝም። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስስል ደረጃ አናዶኛል፣ ጣሪያ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ስለ መከለያ ግን ቆም ብዬ ያሰብኩበት ቀን የለም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሥራዬን ጠንቅቄ አውቃለሁ ብሎ የሚኩራራ ሰው በየት በኩል እንደሚሳሳት ስላየሁት ነው።

አባቴ በያጅ ነበር። አርባ ዓመት በር፣ መስኮት፣ የደረጃና የበረንዳ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ከጀርባው "ጋሽ ድገመው" ይሉት ነበር፤ አንድም ሥራ "ድገመው" ሳይባል ከእጁ አልፎ ስለማያውቅ። ስሙን እሱም ያውቀዋል፤ ሲጠሩት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ደስ የሚለው ይመስለኛል። ቤታችን ከወርክሾፑ በላይ ነው። ከታች ብረትና ጭስ፣ ከላይ ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ በደጅ በኩል እሱ ራሱ የሠራው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ታሰረ። ሐኪሙ ምርመራውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ "ቤት ውሰዱትና የሚወደውን አድርጉለት" አለን። ታላቅ ወንድሜ "ስንት ጊዜ አለው?" ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ብዕሩን ከደነና "ሳምንታት ናቸው፤ ሁለት ወር ከሞላ እኔም ደስ ይለኛል" አለ። እንዲህ ፊት ለፊት ስለነገረን አመሰገንኩትም፣ ጠላሁትም።

አራት ሰው ተሸክሞ በዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ አወጣው። በገዛ ደረጃው ላይ ያየነውን መከራ እኛ ነን የምናውቀው። ላይ ከደረሰ በኋላ መውረድ የሚባል ነገር አበቃ፤ አልጋው ላይ ተንጋልሎ ጣሪያ ሲያይ ይውል ጀመር።

"የሚወደውን አድርጉለት" ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። አባቴ ምን እንደሚወድ እኔ አላውቅም ነበር። ወርክሾፑን ያደግሁት ከደጅ ሆኜ እያየሁ ነው። "ብልጭታው ዓይንሽን ያጠፋዋል" እያለ ደፉን አያስረግጠኝም፤ የወንድሜ ዓይን የብረት ይመስል እሱን በአሥራ አራት ዓመቱ አስገባው። ስለዚህ የሚወደውን የነገረኝ ወንድሜ ነው።

እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። ካገባች ጀምሮ አንድ ስፌት ቤት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በመንገዱ ጫፍ፣ ፋርማሲው ካለበት ማዕዘን ብቅ ትላለች። እዚያች ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆም ብላ ከባዱን ቦርሳዋን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ ታዛውራለች።

"አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው" አለኝ ወንድሜ፣ "ጓንቱን ያወልቅና በሩ ላይ ይቆማል። ብቅ ስትል ያያታል። ቦርሳዋን ስታዛውር ያያታል። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየው ተመልሶ ይገባና መዶሻውን ያነሳል። እሷ ስትደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ብረት ሲደበድብ ነው የምታገኘው።"

"አርባ ዓመት ሙሉ?"

"እኔ ያየሁት ሃያ ሁለቱን ነው። የቀደመውን የድሮዎቹ ሠራተኞች ነግረውኛል። ለእማዬ ትንፍሽ ያለ ሰው እንጀራው ተቆረጠ ማለት ነው።"

አፌን ያዝኩ። እማዬ በተጣሉ ቁጥር የምትመዘው አንድ ዱላ ነበራትና። "አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ በር ላይ ቆመህ ተቀብለኸኝ ታውቃለህ?" ትለዋለች። እሱ ይህን ስትለው ሳህኑን እያየ መብላቱን ይቀጥላል።

እናም ተስማማን። ከላይኛው ክፍል ፊት ለፊት፣ ከወርክሾፑ በር በላይ፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ወለል ያለው በረንዳ እንሠራለታለን። ተሽከርካሪ ወንበሩን በመስኮቱ ቦታ በሚከፈት በር እናወጣዋለን፤ አባቴም አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማዕዘኑን ያያል። እኔ እስላለሁ፣ ወንድሜ ይበይዳል። ለእማዬ ያልነው "አየር እንዲያገኝ" ነው።

በምሳ ሰዓት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ወለሉ ሦስት በሁለት ሜትር ነው፤ መከለያው አንድ ሜትር ከአሥር፤ በቋሚዎቹ መካከል አሥር ሳንቲም። ከዚህ ያጠረ መከለያ ስዬ አላውቅም፣ ልስልም አልችልም፤ የወንድሜ ልጆች እዚያ ቤት ይመላለሳሉ። ከዚያ መንገዱንም ጨምሬ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሰው ሆነው የሚያዩበትን ካሜራ በተሳለው በረንዳ ላይ አቆምኩ። ሶፍትዌሩ ካሜራውን በራሱ በአንድ ሜትር ከስድሳ ላይ ያቆመዋል። መንገዱ ወለል ብሎ ታየ፤ ጫፉ ላይ የፋርማሲው ማዕዘን። ለወንድሜ ሳሳየው ግንባሬን ሳመኝ። "ኢንጂነሯ!" አለኝ፤ ኢንጂነር እንዳልሆንኩ እያወቀ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ የሚጠራኝ እንዲህ ነው።

በዘጠኝ ቀን ጨረሰው። እኔ ያልሳልኩትንም ጨመረበት። በአግዳሚው ብረት ላይ አምስት ሳንቲም ውፍረት ያለው፣ ሰፋ ያለ፣ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት ገጠመበት። "ክንዱን እንዲያሳርፍበት" አለ። ብየዳውን በእጄ አስዳስሶኛል፤ መጋጠሚያው የት እንደሆነ እጄ አላገኘውም። ወንድሜ በዕድሜው እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ እሱም ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አወጣነው። ወንበሩን ጠርዙ ላይ አስጠጋነው። አባቴ ፊት ለፊቱን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ደህናውን ግራ እጁን አንስቶ በጣቱ አጥንት እንጨቱን አንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ እጁን ወደ ላይ አነሳው፤ መልሶም ጭኑ ላይ ጣለው። ደግሞ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ደግሞ እጁን አነሳ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ምን ማለቱ ነው?" አልኩት ወንድሜን።

የወንድሜ ፊት አመድ መስሎ ነበር። "ምንም። ልማድ ነው። ብረት ካላንኳኳ ቀኑ አይመሽለትም" አለኝና ወረደ።

በሁለተኛው ቀን ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን የበረንዳው በር ሲከፈት ገና ከአልጋው ላይ አቃሰተ። እማዬ ከሥራ ገብታ ይህን ስትሰማ ጣልቃ ገባች። "ተዉት እስቲ! አየር ካልፈለገ በግድ ነው? እጁን ሲያነሳ አታዩም? 'ሂዱልኝ' ነው የሚላችሁ።" ተውነው። እሱ ወደ ጣሪያው ተመለሰ፣ በረንዳው ባዶውን ቀረ። ሐኪሙ ከቆጠረልን ሳምንታት ሁለቱ እንዲሁ ሄዱ። ወንድሜ አባታችንን ለማንሳትና ለማስተኛት ካልሆነ ወደ ላይ መውጣት አቆመ፤ ሳናግረው "ሥራሽን ሥሪ" ይለኛል። እኔም በበኩሌ ተቀይሜ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም። በሽተኛ ላይ አይቀየሙም።

ነገሩን የፈቱት አንዲት ደንበኛዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ቤታቸው ላይ በረንዳ ሊያስቀጥሉ ፈልገው መጥተው ሥዕሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን ካዩ በኋላ "ይሄን ማን ሆኖ ነው የሚያየው?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"ቆሜ?"

"አዎ፣ ቆመው።"

"እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ምን ላደርግ፣ ልጄ? ዘበኛ ነኝ? ተቀምጬ ሳነብ ምን እንደሚታየኝ አሳዪኝ።"

ሳቅሁና ካሜራውን ወደ አንድ ሜትር ከሃያ አወረድኩት። አግዳሚው መጥቶ ስክሪኑ መሃል ለመሃል ተጋደመ። ዛፉን ቆረጠው፣ መንገዱን ቆረጠው፣ ከላይ ሰማይ ከታች ሣር ብቻ ቀረ።

"ይኸው!" አሉ አስተማሪዋ። "ይሄን ሁሉ ደክሜ ብረት ላይ ላፍጥ ነው?"

ክው አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉኝ፣ ምን ብዬ እንደሸኘኋቸው አላስታውስም። ቦርሳዬን ይዤ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ምሳውን ሊበላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እማዬ ምሳ ሰዓቷን ተጠቅማ ልታጎርሰው መጥታለች። ሜትሩን አወጣሁና ጫፉን ወለሉ ላይ ረግጬ እስከ ዓይኑ ለካሁት። አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። አባቴ ሜትሩን ከታች እስከ ላይ በዓይኑ ተከተለው፤ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። በእነዚያ ሳምንታት ፊቴን ትኩር ብሎ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። እማዬ "የሬሳ ሣጥን ነው የምትለኪለት?" ብላ ተቆጣችኝ።

በረንዳው ላይ ወጥቼ መከለያውን ለካሁ። የአግዳሚው ብረት የታችኛው ጠርዝ አንድ ሜትር ከአራት፤ የእንጨቱ የላይኛው ጠርዝ አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት። የአባቴ ዓይን ያለው እዚያው እንጨቱ ውስጥ ነው። ከእንጨቱ በላይ ሰማይ ያያል። ከብረቱ በታች የጎረቤቱ ባለሱቅ ያወጣው ቆርቆሮ መንገዱን ይሸፍንበታል። ማዕዘኑ፣ ያ ሁሉ የተደከመለት ማዕዘን፣ ልክ በአግዳሚው ጀርባ ነው። ጎንበስ እንዳይል አንገቱ አይታዘዝለትም፤ ቀና እንዳይል ወገቡ አይታዘዝለትም። ሁለት ቀን አውጥተን የልጁን ብየዳ አፍንጫው ላይ ደቅነንበት ነበር።

ላፕቶፔን ይዤ ወረድኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የወርክሾፑን ደፍ አለፍኩ። ወንድሜ ብረት እየቆረጠ ነበር፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ትከሻውን መታ አድርጌ ማሽኑን አስጠፋሁት። መጀመሪያ በአንድ ሜትር ከስድሳ አሳየሁት፤ ማዕዘኑ ይታያል። ቀጥዬ እንጨቱን ጨምሬ፣ ካሜራውን ወደ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት አወረድኩት።

ወንድሜ ስክሪኑን አየ። ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀና የብረት ክምር ላይ ተቀመጠ።

"ሦስቴ ነበር የሚያንኳኳው" አለ።

"ሦስት ምንድን ነው?"

"እዚህ ማሽን ሲጮኽ ሰው አይሰማማም። አባዬ ትዕዛዝ የሚሰጠው በመዶሻ ነው። ሁለት ሲመታ 'ያዝ' ነው። ሦስት ሲመታ 'ቁረጥ' ነው። አንድ ሲመታ 'በቃ፣ ደርሷል' ነው።"

"እና ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! 'ልማድ ነው' አላልከኝም? ሁለት ሳምንት ጣሪያ ላይ ሲያፈጥ እያየህ?" ጮኼበት ነበር፤ ሠራተኞቹ ዘወር አሉ።

ወንድሜ አልጮኸም። "ስንት ሦስት እንደሰማሁ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ሃያ ሁለት ዓመት። ሌላው ሠራተኛ አንድ ሦስት ቢሰማ እኔ አሥር ነው የምሰማው። አንዱን ምት ግን በጣቴ የምቆጥረው ነው። ይሄኛውን ስሠራ፣ ይሄን እንኳ አይቶ አንዴ ያንኳኳል ብዬ ነበር። ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖም 'ቁረጥ' አለኝ። በቃ፣ እንደሰማሁ ለማንም መናገር አቃተኝ።"

ምን ብዬ ልፍረድበት? ጥፋቱ ከኔ ነው የጀመረው። ካሜራውን የቆመ ሰው ቦታ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ከእንግዲህ እንደማይቆም ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አጠገቡ ብረቱ ላይ ተቀመጥኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ሥራህን አልናቀም። አይታየኝም ነው ያለህ።"

"ገባኝ እኮ አሁን።"

"እጁን ወደ ላይ የሚያነሳውስ?"

ወንድሜ የራሱን እጅ አንስቶ አየው። "ቁረጥና አንሳው" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው እየሞተ ሥራ እያሳየን ነው።"

ወንበሩን ከፍ ማድረግ አይሆንም፤ ከፍ ባለ ቁጥር መከለያው ለእሱ ያጥርበታል፣ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ ሰው ደግሞ ድንገት ይዘነበላል። አግዳሚውን ዝቅ ማድረግ ለልጆቹ ያስፈራል። አባታችን ያለው ነበር ትክክሉ። ወንበሩ በሚቆምበት ቦታ፣ በዘጠና ሳንቲም ስፋት፣ አግዳሚው ተቆርጦ ወደ ላይ ይነሳል፤ ዓይኑ ፊት ቀጫጭን ቋሚዎች ብቻ ይቀራሉ።

እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ላፕቶፑን የብየዳ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳልኩት። ሶፍትዌሩ እምቢ አለኝ። መከለያ ለእሱ አንድ መስመር ነው፤ አንዱን ቦታ ከፍ ሳደርግ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ሳደርግ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ሦስት ቦታ ሰባብሬ፣ እያንዳንዱን ለብቻው አድርጌ፣ መሃለኛውን ወደ አንድ ሜትር ከሃምሳ አነሳሁት። ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ ብዬ የምኩራራው እኔ አንድ መከለያ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ካሜራውን በአንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት አቆምኩት። ማዕዘኑ ታየ።

"እማዬን ማስቀመጥ ትችያለሽ?" አለ ወንድሜ።

ሶፍትዌሩ የተዘጋጁ ሰዎች አሉት፤ ሻንጣ የያዘ ነጋዴ፣ የምትሮጥ ወጣት፣ ውሻ የሚጎትት ሽማግሌ። ቦርሳ የያዘች ሴት ፈልጌ ፋርማሲው ጥግ አቆምኳት። እማዬን አትመስልም፤ ቁመቷም ረዝሟል። ሁለታችንም ግን ከስክሪኑ ላይ ዓይናችንን ለማንሳት ጊዜ ወሰደብን።

ቅዳሜ እማዬ ወደ ሥራ ስትወጣ ጠብቀን አባታችንን በረንዳው ላይ አወጣነው። እሱ ሳያይ መቁረጥ አይታሰብም። ጭኑ ላይ ወፍራም ሸራ አለበስነው፤ የራሱን ጥቁር የብየዳ መነጽር ወንድሜ ዓይኑ ላይ አጠለቀለት። ከዚያ መቁረጫውን ይዞ ፊቱ ተንበረከከ።

"አባዬ፣ ልቁረጥ?"

አባቴ እንጨቱን አንኳኳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ወንድሜ ያን ለስላሳ እንጨት፣ ያን መጋጠሚያው የማይታይ ብየዳ፣ በራሱ እጅ ቆረጠው። ሲቆርጥ አልተሳቀቀም። አዲሶቹን ቋሚዎች ተከለ፤ አግዳሚውን ወደ ላይ አነሳና አንዱን ጫፍ በጉልበቱና በትከሻው ደግፎ የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ሲፈልግ፣ አባቴ አጠገቡ የቀረውን እንጨት ሁለት ጊዜ አንኳኳ። እያየ የነበረው ወንድሜን ሳይሆን እኔን ነበር።

"ምን አለ?" አልኩ።

"ያዢ ነው የሚልሽ" አለ ወንድሜ።

ትርፉን ጭምብል አጥልቄ ያዝኩ። ብረቱ ከባድ ነው፤ ብልጭታው ጓንቴ ላይ ይዘንባል። አባቴ ለእኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ትዕዛዝ ሰጠኝ። ደስታም ሐዘንም አንድ ላይ መጣብኝና ከጭምብሉ ሥር እንባዬ አገጬ ድረስ ወረደ፤ እጄ ግን አልተነቃነቀም።

አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ወንድሜ የመጨረሻውን ብየዳ አጸዳና ወደ ኋላ ተቀመጠ። ሥራው እንደ ፊተኛው አያምርም፤ ጠባሳው ይታያል፣ ቀለምም አልነካውም። አባቴ መነጽሩ እንዲወልቅለት ጠበቀ። ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ አንኳኳ። አንድ ጊዜ።

ሌላ እስኪጨምር ጠበቅን። አልጨመረም። ወንድሜ የሚበየድ ነገር ሳይኖር ጭምብሉን መልሶ ፊቱ ላይ አወረደና ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ተቀመጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እማዬ በፋርማሲው ማዕዘን ብቅ አለች። ቆመች፤ ቦርሳዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረች። አባቴ ያያታል። የግራ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት፤ ዞር ሊል፣ እንደ ልማዱ ሳታየው ሊገባ ነው። ገላው አልታዘዘውም። እማዬ ቀና አለች። በረንዳው ላይ፣ በተቆረጠው አግዳሚ ሥር፣ ዓይኑን አገኘችው። መንገድ መሃል ቆማ ቀረች፤ መኪና ከኋላዋ ጥሩምባ እስኪነፋባት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። "ዛሬ ምን ነካው?" አለችን። "ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም እኮ!"

"ዛሬ አይደለም፣ እማዬ" አለ ወንድሜ። ከዚያ ነገራት። በሩን፣ ጓንቱን፣ አምስት ደቂቃዋን፣ ቦርሳዋን፣ ከሥራ ይባረራል የተባለውን ሁሉ።

እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "አንተ ሰው!" አለችው። "አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ስወቅስህ አፍ አልነበረህም?" በመዳፏ ጉልበቱን መታችው፤ የማይሰማውን ጉልበቱን ነበር የመታችው፤ ትዝ ሲላት የሚሰማውን ደገመችው። አባቴ ግራ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ።

ከእንግዲህ ሥራዋን ትታ አጠገቡ የምትውል መስሎን ነበር። በማግስቱ እሑድ ነው፤ ስፌት ቤቱ ዝግ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በጨርቅ ሞልታ ደረጃው ጋ ደረሰች።

"እማዬ፣ የት ነው?"

"ሥራ።"

"እሑድ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ" አለችና ወረደች። እኛም አባታችንን አወጣነው።

እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ጎረቤቱ "ባሏ እያጣጣረ ሥራ ትሄዳለች" ብሎ ሲያማት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ወደ መጨረሻው ላይ አባቴን እንቅልፍ እየጣለው አሥራ አንድ ሰዓት የሚያልፍበት ቀን ነበር። እማዬ ወጥታ አጠገቡ ትቆማለች፤ ሲነቃ "አመለጠህ? ልድገመው?" ትለዋለች። እሱ ያንኳኳል፤ ቦርሳዋን አንስታ ወርዳ እስከ ማዕዘኑ ትሄድና እንደገና ትመጣለች። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ጉልበቷ ያማታል እኮ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ትንፋሹ እየራቀ ነበር። ከማዕዘኑ መጥታ አጠገቡ ቆመችና "ልድገመው?" አለችው። አላንኳኳም፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነበር፣ ወደ መንገዱ። እማዬ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች። እኔና ወንድሜ ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘን ማዕዘኑን ስናይ ቆየን። ብቅ አለች፤ ቆመች፤ ቦርሳዋን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረች።